ከመቶ ኮርድ ሁለት ድምፅ፦ ጃዝ ፒያኖ ለጀመረች የደብረ ብርሃን ልጅ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ባለ 61 ቁልፍ ኪቦርድ አለኝ። ትዝታና ባቲ በጆሮዬ እጫወታለሁ፤ ሦስት ሦስት ድምፅ አንድ ላይ የሚመታባቸውን ሜጀርና ማይነር ኮርዶችም ከ12ቱም ድምፆች ላይ ተነስቼ መያዝ እችላለሁ። ጃዝ ስሞክር ግን የመዝሙር አጃቢ ይመስልብኛል። የኮርድ ሰንጠረዥ አወረድኩ፤ ከመቶ በላይ ኮርድ አለበት። ሁሉንም መሸምደድ አለብኝ? ከየትኛው ልጀምር? ኪቦርዴስ ይበቃኛል ወይስ ፒያኖ ካልተገኘ አይሆንም?»

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ሰንጠረዡን ለጥቂት ወራት ዝጊው። እንዲህ የምልሽ መንገዱን ሄጄበት ስለማውቀው ነው። መንዝ እያለሁ እንዲያ ያለ ሰንጠረዥ ከአልጋዬ በላይ ግድግዳ ላይ ለጥፌ፣ ጋቢዬን እንደተከናነብኩ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሸመደድኩት። አንዱን ኮርድ ቢጠሩልኝ ወዲያው እይዘው ነበር። ሁለቱን አከታትለህ ተጫወት ስባል ግን እጄ ከአንዱ ተነስቶ ሌላው ላይ ዘሎ ይወድቃል፤ በመካከላቸው የሚያገናኝ ነገር አልነበረም። በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ዕድሜያቸውን በሆቴል ባንድ ፒያኖ ላይ ያሳለፉ አንድ አዛውንት ቁጭ ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ ቀኝ እጄን ያዙና ከአራቱ ጣቶቼ ሁለቱን ከቁልፉ ላይ አነሱ፤ «አሁን ያንኑ በእነዚህ በሁለቱ ብቻ ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት፤ ጃዝ ሆኖ ተሰማኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለጀማሪ ሁሉ የማስተምረው ያንኑ ነው፦ የየኮርዱን ሦስተኛና ሰባተኛ ድምፅ ያዢ፣ ከዚያ ሁለቱ ወዴት እንደሚሄዱ ተከታተያቸው።

ከመጀመራችን በፊት ስለ ስም አንድ ነገር። እኔ የምጽፈው ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ላ ሲ እያልኩ ነው። ሰንጠረዥሽ በእንግሊዝኛ ፊደል ከሆነ፣ እዚያ «ሲ» ተብሎ የሚነበበው ፊደል የእኔ ዶ ነው፤ የእኔ ሲ ደግሞ እዚያ «ቢ» የሚባለው ነው። በዚህች አንዲት ስም ብቻ ወር ሙሉ የተደናገሩ ተማሪዎች አጋጥመውኛል።

አሁን ወደ ነገሩ። ዶ ሚ ሶል ብለሽ ስትይዢ ኮርዱ አርፎ የተቀመጠ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ምንም ባይመጣ ጆሮ አይጠይቅም። በመዝሙር ውስጥ ይህ ዕረፍት ውበት ነው፤ ጃዝ ግን ገና መንገድ ላይ ያለ ድምፅ ይወዳል። ስለዚህ በሦስቱ ድምፆች ላይ አራተኛ ይደረባል፤ ይኸውም ከመነሻው (ኮርዱ ከተሰየመበት ድምፅ) በዶ ሬ ሚ ቅደም ተከተል ሲቆጠር ሰባተኛ የሆነው ነው።

ሦስት ዓይነት ብቻ እንያዝ። ጥቁርና ነጩን ቁልፍ ሳትለዪ በግማሽ ቶን ቁጠሪ፤ ከአንዱ ቁልፍ ወደ ጎረቤቱ አንድ ግማሽ ቶን ነው። ሜጀር 7 ከመነሻው 4፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 4 ነው፤ ለምሳሌ ዶ ሚ ሶል ሲ። ዶሚናንት 7 ደግሞ 4፣ 3፣ 3፤ ሶል ሲ ሬ ፋ። ማይነር 7 ማለት 3፣ 4፣ 3፤ ሬ ፋ ላ ዶ። ግማሽ ዲሚኒሽድ እና ዲሚኒሽድ የሚባሉም አሉ (3፣ 3፣ 4 እና 3፣ 3፣ 3)፤ እነሱ ሲደርሱ ይደርሳሉ።

ቁጥሮቹን ደግመሽ እያቸው። በሦስቱም ዓይነት ከመነሻው እስከ አምስተኛው ድምፅ ያለው ርቀት 7 ግማሽ ቶን ነው፤ 4 እና 3 ይሁን 3 እና 4፣ ድምሩ ያው ነው። እንግዲያው አምስተኛው ድምፅ ስለ ኮርዱ ዓይነት የሚነግረን ነገር የለም። መነሻውን ደግሞ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታሪስቱ ይይዝልሻል፤ ብቻሽን ስትሆኚ ግራ እጅሽ ይይዘዋል። የኮርዱን ማንነት የሚናገሩት የቀሩት ሁለቱ ናቸው። ሦስተኛው ከመነሻው 4 ነው ወይስ 3? ሰባተኛው 11 ነው ወይስ 10? ሜጀር 7 ላይ 4 እና 11፣ ዶሚናንት ላይ 4 እና 10፣ ማይነር 7 ላይ 3 እና 10። ከመቶው ኮርድ አብዛኛው በእነዚህ በሦስቱ ላይ ጌጥ የተጨመረበት ነው።

ይህን አኮርዲዮን የሠሩ ሰዎችም ያውቁታል። በአብዛኞቹ አኮርዲዮኖች ላይ የግራ እጅ የሰባተኛ ኮርድ ቁልፍ ሲጫን መነሻው፣ ሦስተኛውና ሰባተኛው ብቻ ይሰማሉ፤ አምስተኛው የለበትም። አኮርዲዮን ያነሳሁት በምክንያት ነው። በዋልያስ ባንድ ኦርጋን የምናውቃቸው፣ አኮርዲዮንም የሚጫወቱት ኃይሉ መርጊያ በ1946 እ.ኤ.አ. የተወለዱት እዚያው አንቺ ባለሽበት ደብረ ብርሃን ነው። ከተማሽ ለኪቦርድ ባዕድ አይደለችም።

አሁን ኪቦርዱ ላይ ቁጭ በይ። በጃዝ ውስጥ ደጋግመሽ የምታገኚው የኮርድ ሰንሰለት «ሁለት አምስት አንድ» ይባላል፤ በዶ ከሆነ ሬ ማይነር 7፣ ሶል 7፣ ዶ ሜጀር 7 ነው፤ ከዶ ሲቆጠር ሬ ሁለተኛ፣ ሶል አምስተኛ፣ ዶ ራሷ አንደኛ ናቸውና። ግራ እጅሽ ዝቅ ብሎ መነሻዎቹን ብቻ ይንካ፦ ሬ፣ ሶል፣ ዶ። ቀኝ እጅሽ ከመካከለኛው ዶ አካባቢ ሁለት ድምፅ ይያዝ። ለሬ ማይነር 7 ታች ፋ፣ ላይ ዶ። ለሶል 7 ፋ ባለችበት ትቆይና ዶ ግማሽ ቶን ወርዳ ሲ ትሁን። ለዶ ሜጀር 7 ሲ ባለችበት ትቆይና ፋ ግማሽ ቶን ወርዳ ሚ ትሁን። አለቀ። እጅሽ የትም አልዘለለም፤ አንዴ አንደኛው ጣት፣ አንዴ ሌላው፣ በየተራ አንድ እርምጃ ዝቅ አሉ። የአንዱ ኮርድ ሰባተኛ ወርዶ የሚቀጥለው ሦስተኛ ይሆናል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሳይንቀሳቀስ የሚቀጥለው ሰባተኛ ሆኖ ይገኛል።

«መዝሙር ይመስልብኛል» ላልሽው መልሱ እዚህ ውስጥ አለ። በመዝሙር አጃቢነት ከሶል ወደ ዶ ስትሄጂ ሲ ወደ ዶ ትወጣለች፤ ቤቷ ገብታ በሩን ትዘጋለች። በጃዝ ግን ሲ አትወጣም። እንደቆመች ትቀራለች፣ ከሥሯ ያለው ኮርድ ግን ተለውጦ እሷን ሰባተኛ ያደርጋታል። ሁለቱን አከታትለሽ ሞክሪያቸው፤ አንድ ጊዜ ሲን ወደ ዶ አውጪ፣ አንድ ጊዜ ተያት። ልዩነቱን ከእኔ ቃል በላይ ጆሮሽ ያስረዳሻል።

አሁን ትንሽ ልቆይበት የምፈልገው ነገር ላይ ደረስን፤ የኛ አገር ጀማሪ ሁሉ ሊሰማው የሚገባ ይመስለኛልና። ትዝታ ሜጀርን ከዶ ተነስተሽ ተጫወቺ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ከሰባቱ ነጭ ቁልፎች ያልተነኩት ሁለት ናቸው፤ ፋ እና ሲ። ቀደም ሲል ሶል 7ን ሶል 7 ያደረጉት፣ ወደ ዶ የገፉት ድምፆች እነማን ነበሩ? ፋ እና ሲ። በመካከላቸው 6 ግማሽ ቶን አለ፣ ትራይቶን ይባላል፤ የጃዝ ኮርዶች የሚንቀሳቀሱት በእሱ ጉልበት ነው። ትዝታ ደግሞ በትክክል እነዚያን ሁለቱን ትታ የቆመች ቅኝት ናት። በትዝታ ሜጀር ያደገ ጆሮ «ፋ ወዴት ይሂድ?» ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም። ስለዚህ የጃዝ ኮርድ መጀመሪያ ሲሰማሽ መንገዱ ቢጠፋሽ ጆሮሽ ሰንፎ እንዳይመስልሽ። በአዝማሪው መሰንቆም፣ በቤተ ክርስቲያን ዜማም የኛ ሙዚቃ ጥበቡን ያፈሰሰው በአንድ የዜማ መስመር ላይ ነው፤ በድምፆች መደራረብ ላይ አይደለም።

መፍትሔው ግን እጅሽ ላይ ነው፤ ባቲ እጫወታለሁ ብለሻላ። ባቲ ሜጀር ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። ሁለቱም አሉ! ባቲን አዚሚ፣ ከዚያ ፋ ላይ ቁሚና ወደ ሚ ውረጂ። ደጋግሚው። ያ መውረድ በሁለት አምስት አንድ ውስጥ የመጨረሻው እርምጃ ነው፤ እንግዲህ ታውቂው ኖሯል።

እንዲያውም ቅኝቶቻችን እያንዳንዳቸው አንድ የጃዝ ኮርድ በሆዳቸው ይዘዋል። ባቲ ሜጀር ውስጥ ዶ ሚ ሶል ሲ፣ ማለትም ዶ ሜጀር 7 ሙሉውን አለ። ባቲ ማይነር (ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት፤ ፍላት ማለት ግማሽ ቶን ዝቅ ያለ ነው) ውስጥ ዶ ማይነር 7። ትዝታ ሜጀር ውስጥ ላ ማይነር 7፣ ይኸውም ላ ዶ ሚ ሶል። ትዝታ ማይነር (ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት) ውስጥ ላ ፍላት ሜጀር 7። አምባሰል (ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት) ውስጥ ሬ ፍላት ሜጀር 7። አንቺሆዬ ጠመም ይላል፤ ለጊዜው ይቆይ። ግራ እጅሽ ኮርዱን ይዞ፣ ቀኝ እጅሽ ቅኝቱን እየተጫወተ አንድ ሳምንት ብትቆዪ፣ የሰባተኛ ኮርድ ድምፅ የራስሽ ይሆናል። ሙላቱ አስታጥቄ በቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ኢትዮ ጃዝን የገነቡት አምስት ድምፅ ያላቸውን ቅኝቶች ከ12ቱ ድምፆች ጋር በማዋሃድ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ይህ ማለት በየትዝታው ሥር ሶል 7 አስገቢ ማለት አይደለም። ዜማው የተዋቸውን ሁለት ድምፆች ከሥሩ ስታመጪበት ትዝታው ትዝታነቱን ይለቃል። አንዳንዴ ያምራል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዜማውን ያደበዝዘዋል ብዬ አምናለሁ። ትዝታን ማጀብ ስትፈልጊ በሦስተኛ ፋንታ በአራተኛ ርቀት ደርድሪ፦ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ዶ። በየመካከሉ 5 ግማሽ ቶን ነው፣ አምስቱም የትዝታ ድምፆች ናቸው፣ ምንም ባዕድ አልገባም። አሁን ከላይ ያለችውን ዶ ብቻ ግማሽ ቶን አውርደሽ ሲ አድርጊያት፦ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ። ይህ ፒያኒስቱ ቢል ኢቫንስ በ1959 ከጃዝ ትራምፔት ተጫዋቹ ከማይልስ ዴቪስ ጋር ሲቀዳ የተጫወተበት የታወቀ የኮርድ አደራደር ነው፤ በሬ ማይነር ላይ ያገለግላል። ከትዝታ እዚያ ድረስ አንድ ግማሽ ቶን ብቻ ነው የቀረሽ።

ወደ ልምምዱ ልመልስሽ። ዶ ላይ ያገኘሽውን ወደ 12ቱም ማድረስ አለብሽ፤ ይህ ካልሆነ እጅሽ አንድ ሰፈር ብቻ የሚያውቅ እንግዳ ይሆናል። እዚህ ላይ «ትራንስፖዝ» የሚለውን፣ ድምፁን ራሱ የሚያዘዋውረውን ቁልፍ አትንኪ ብዬ እለምንሻለሁ። ብዙ የኪቦርድ ተጫዋቾቻችን ዘፋኙ ድምፁን ሲቀይር ያችን ቁልፍ ተጭነው እዚያው ዶ ላይ ይቀራሉ፤ ችሎታ እያላቸው በእሷ የታሰሩ አውቃለሁ።

ቀላሉ መንገድ ይኸው። ዶ ሜጀር 7 ላይ ስትደርሺ ሚ እና ሲ ይዘሻል። ሁለቱንም ግማሽ ቶን አውርጂ፦ ሚ ፍላት እና ሲ ፍላት። ዶ ማይነር 7 ሆነ፤ አዲስ ሰንሰለት ጀመረ ማለት ነው። ግራ እጅ ወደ ፋ ሲሄድ ሲ ፍላት ወደ ላ ትውረድ፣ ፋ 7 ይሆናል። ግራ እጅ ወደ ሲ ፍላት ሲሄድ ሚ ፍላት ወደ ሬ ትውረድ፣ ሲ ፍላት ሜጀር 7 ላይ አረፍሽ። እንደገና ሁለቱንም ግማሽ ቶን አውርጂና ቀጥይ። በዚህ አካሄድ በየሙሉ ቶኑ እየወረድሽ ስድስቱን ትዞሪና ዶ ላይ ትመለሻለሽ፤ ቀሪዎቹን ስድስት ለማግኘት ከሬ ፍላት ጀምሪ። እጅሽ በጣም ሲወርድና ድምፁ ሲጎረንን አንድ ኦክታቭ (12 ግማሽ ቶን) ወደ ላይ አንሺው። ከመካከለኛው ዶ አንድ ኦክታቭ ያህል ከወረድሽ በኋላ ሁለት ተቀራራቢ ድምፆች ይጨፈግጋሉ፤ እዚያ መነሻው ብቻውን ይሁን።

በቀን 20 ደቂቃ በቂ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥረው መሣሪያ) በደቂቃ 60። ኅዳርና ታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ ምን እንደሚመስል አንቺ ታውቂዋለሽ፤ በ2,800 ሜትር ከፍታ በማለዳ የደነዘዘ ጣት አያስገድዱትም። ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ተለማመጂ፣ ወይም እጅሽን በለብ ያለ ውሃ አፍታተሽ ጀምሪ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ ጣትሽን እያንቀሳቀስሽ በቃል በይው፦ «የሬ ማይነር ሦስተኛ ፋ፣ ሰባተኛ ዶ፤ የሶል ሦስተኛ ሲ፣ ሰባተኛ ፋ» እያልሽ፣ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ። እኔ ብዙውን ያጠናሁት እንዲህ በኩራዝ ማታ ነው።

ሁለት አምስት አንድ በስድስት ያህል ድምፆች ላይ ሲቀልልሽ ብሉዝ የሚባለውን የዘፈን ቅርጽ ጀምሪ። 12 ሚዠር ነው (አንዱ ሚዠር አራት ምት ነው)፤ 4 ሚዠር ዶ 7፣ 2 ፋ 7፣ 2 ዶ 7፣ ከዚያ 1 ሶል 7፣ 1 ፋ 7፣ በመጨረሻ 2 ዶ 7። ሁለቱን ጣቶችሽን ተከተይ፦ ዶ 7 ላይ ሚ እና ሲ ፍላት፤ ፋ 7 ላይ ሁለቱም ግማሽ ቶን ወርደው ሚ ፍላት እና ላ፤ ሶል 7 ላይ ከዶ 7 ግማሽ ቶን ወጥተው ፋ እና ሲ። ሙሉ ብሉዝ በሦስት የእጅ አቀማመጥ ያልቃል። ተማሪ ይህን ሲያገኝ ፊቱ ላይ የሚታየውን ደስታ ማየት ለእኔ ከትልቁ ደመወዜ ይበልጣል።

ከዚያ ሁለቱን ድምፆች ወደ ግራ እጅሽ አሻግሪያቸው፤ ቀኝ እጅ ለዜማ ነፃ ይውጣ። የጃዝ ፒያኒስቱ በድ ፓወል በ1940ዎቹ ግራ እጃቸው ላይ መነሻውንና ሰባተኛውን ወይም መነሻውንና ሦስተኛውን ብቻ እየነኩ ነው ያን ሁሉ ዜማ በቀኝ እጃቸው ያፈሰሱት። ቤዝ የሚጫወትልሽ ሰው ስታገኚ ደግሞ መነሻውን ትተሽ ግራ እጅሽን አራት ድምፅ አስይዢው፦ ለሬ ማይነር 7 ፋ ላ ዶ ሚ፤ ለሶል 7 ፋ ላ ሲ ሚ፤ ለዶ ሜጀር 7 ሚ ሶል ሲ ሬ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት አስተያያቸው፤ ዶ ወደ ሲ ከመውረዷ በቀር አንድም ጣት አልተነቃነቀም። ያችው የመጀመሪያ ቀን እርምጃ ናት፣ ልብስ ለብሳ የመጣች።

ሰንጠረዥሽ ላይ በሶል 7 ቦታ ሬ ፍላት 7 ተጽፎ ካየሽም አትደንግጪ። የሬ ፍላት 7 ሦስተኛ ፋ፣ ሰባተኛው ሲ ነው (በወረቀት ላይ ዶ ፍላት ተብሎ ሊጻፍ ይችላል)፤ ያው የሶል 7 ሁለቱ ድምፆች ቦታ ተለዋውጠው ነው። ቀኝ እጅሽ አይነቃነቅም፣ ግራ እጅሽ ብቻ ሬ፣ ሬ ፍላት፣ ዶ እያለ ይወርዳል። ሬ ፍላት ወደ ዶ ሲወርድ የሚሰማሽን ስሜት ከአምባሰል ታውቂዋለሽ።

ስለ ምት በአጭሩ። ኮርዱን ሚዠሩን ሙሉ ተጭነሽ አትያዢው። አራት ቁጠሪ፤ አንዴ በ1 ላይ፣ አንዴ በ2 እና በ3 መካከል አጭር አድርገሽ ምቺ፤ ሌላውን ዝም በይ። ስዊንግ የሚባለው አንዱን ምት ለሦስት ከፍሎ ሁለቱን ለመጀመሪያው፣ አንዱን ለሁለተኛው ድምፅ እንደመስጠት ነው። ቺክቺካ የጨፈረች ልጅ በሦስት መከፈልን ማንም አያስተምራትም።

ስለ ኪቦርድሽ፦ 61 ቁልፍ 5 ኦክታቭ ነው፤ እስካሁን ላልኩሽ ሁሉ ይበቃል፣ ፒያኖ ፍለጋ አዲስ አበባ መውረድ የለብሽም። «ስታይል» የሚለውን ራሱ የሚያጅበውን አጥፊው፤ ድምፁን ተራ ፒያኖ ላይ አድርጊ። ገንዘብ ሲኖርሽ መጀመሪያ የምትገዢው የእግር ፔዳል ይሁን፤ እስከዚያ ግን አንዱን ድምፅ ሳትለቂ ሌላውን ማውረድን ጣትሽ ይማር፤ ፔዳል ሲመጣ ይህን ትምህርት ይሰርቃል። ዛሬ ማታ ሬ፣ ሶል፣ ዶን በሁለት ድምፅ ብቻ፣ በ60፣ አሥር ጊዜ ተጫወቺና በስልክሽ ቅጂው። በሳምንቱ ደግመሽ ቅጂና ሁለቱን አብረሽ ላኪልኝ፤ ሲ መቆየት ያለባት ቦታ ላይ ቆይታ እንደሆነ አዳምጥልሻለሁ።